143 ሮለርኮስተር ላይ ወጥቻለሁ፣ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ውጪ ዝናብ ነው፣ የትም አልሄድም፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጥያቄ ልመልስ። ያደግኩት ሜሪላንድ ነው፣ ኮሌጅ እያለሁ አንድ ሰመር ፓርክ ውስጥ ራይድ ላይ ሠርቻለሁ (የት እንደሆነ አልናገርም)፣ እስካሁን 143 ኮስተር (በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚያከንፍ የመዝናኛ ፓርክ ባቡር) ላይ ወጥቻለሁ፣ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው የምቆጥረው፣ አዎ ሚስቴም ትስቅብኛለች። ኢንጂነር አይደለሁም ግን አስተያየት በሽ ነው። ጀምሩ።

ጥያቄ፦ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ምርጡን ንገረን።

መልስ፦ ስቲል ቬንጀንስ፣ ኦሃዮ ሲዳር ፖይንት የሚገኘው። ሚን ስትሪክ የሚባል የእንጨት ኮስተር ነበራቸው፣ እሱ ሲያረጅ የእንጨቱን አጽም ትተው ላዩ ላይ የብረት ሐዲድ አነጠፉና በ2018 ከፈቱት። ከፍታው 62 ሜትር ገደማ ነው፣ አራት ጊዜ ይገለብጥሃል። እኔ ግን የምወድለት መገልበጡን አይደለም፣ ከወንበር ማንሳቱን ነው፣ ኤርታይም የሚባለውን። ጉብታው ጫፍ ላይ ባቡሩ ወደ ታች ሲታጠፍ ያንተ ሰውነት ገና ወደ ላይ መሄድ ይፈልጋል፣ መቀመጫህ ከወንበሩ ይለቃል፣ የቀረህ ዘመድ ጭንህ ላይ ያለው ብረት ብቻ ነው። እዚህኛው ላይ ይሄ ነገር አንዴ ከጀመረ አይለቅህም። ከፍታና ፍጥነት ለቢልቦርድ ነው የሚጠቅመው። ዛሬ ይሄን ደጋግሜ ስለምናገር ከወዲሁ ልመዱት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኪንግዳ ካ ሲፈርስ አላለቀስክም ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ ምን ቆርጦኝ። ለማያውቁት፣ ኒው ጀርሲ የነበረ፣ በዘመኑ የዓለም ረጅሙ ኮስተር ነው፣ 2005 የተከፈተ፣ 139 ሜትር፣ በ3.5 ሴኮንድ ውስጥ በሰዓት 206 ኪሎ ሜትር የሚያስወነጭፍህ። ትወነጨፋለህ፣ ቀጥ ብለህ ትወጣለህ፣ ቀጥ ብለህ ትወርዳለህ፣ በቃ። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። እኔ ሁለት ሰዓት ከሩብ ተሰልፌ ነው የወጣሁበት፣ ስወርድ ከኋላዬ የነበረው ልጅ "አለቀ?" ብሎ ጠየቀኝ። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2025 ማማውን በፈንጂ ጣሉት።

አንድ ነገሩ ግን ናፍቆኛል። አንዳንዴ ባቡሩ ጫፉን ማለፍ ያቅተውና እዚያው ከወጣበት ወደ ኋላ ይወርድ ነበር። ብልሽት እንዳይመስልህ፣ ሊሆን እንደሚችል ታውቆ ነው የተሠራው፣ ባቡሩ ከተወነጨፈ በኋላ ከመሬት የሚነሱ ብሬኮች ነበሩት፣ ሲመለስ እነሱ ይቀበሉታል። እንደ ሎተሪ ነበር፣ የደረሰው ሰው ዓመቱን ሙሉ ያወራል። እኔ አልደረሰኝም።

ጥያቄ፦ ልጄ አስር ዓመቱ ነው፣ ውሰጂኝ እያለ ያስቸግረኛል። እኔ ደግሞ ከሐዲዱ ቢወጣስ፣ መሃል ላይ ቢቆምስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እውነት አስተማማኝ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ይሄን ጥያቄ በደንብ ልመልስልዎት። ባቡሩ ሐዲዱ ላይ የተቀመጠ አይደለም፣ ሐዲዱን አቅፎት ነው የሚሄደው። ጎማው በሦስት በኩል ነው፣ አንዱ ከላይ ይሽከረከራል፣ አንዱ በጎን ይይዛል፣ አንዱ ደግሞ ከሐዲዱ ሥር ነው ያለው። ያንን የሥረኛውን ጆን ሚለር የሚባል አሜሪካዊ በ1919 ፓተንት አወጣበት፣ ከዚያ በኋላ ነው ኮስተር እንደዚህ ያበደው፣ ምክንያቱም ባቡሩ ልነሳ ቢል እንኳ የሥረኛው ጎማ ቁጭ በል ይለዋል።

ሽቅብ ሲወጣ ታክ ታክ ታክ የሚለው ድምፅ ሰውን ያስፈራል፣ ግን እሱን ሲሰሙ ደስ ይበልዎት። ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጥርስ ነው፣ ሰንሰለቱ ቢበጠስ እንኳ ባለበት ያስቀረዋል። ሐዲዱ ደግሞ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፣ በአንዱ ክፍል ውስጥ አንድ ባቡር ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ የፊተኛው ካልለቀቀ የኋለኛው ይቆማል። እና "ኮስተር መሃል ላይ ቆመ" የሚባለው ዜና ብዙ ጊዜ ሲስተሙ ሥራውን ሲሠራ ነው፣ አንድ ሴንሰር ጥርጥር ገባው፣ አቆመው። መጨረሻ ላይ የሚያቆመው ብሬክ በአዳዲሶቹ ላይ ማግኔት ነው፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፣ ለኛ ለሐበሾች ታስቦ የተሠራ ነው የሚመስለው።

እኔ የሠራሁበት ቦታ ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይገባ ባዶውን ባቡር ደጋግመን እንለቅ ነበር። ሰው ሲሳፈር ደግሞ እያንዳንዱን ብረት ወደ ታች ገፋ፣ ወደ ላይ ሳብ፣ ቀጣይ። ቀን ሙሉ። ማታ እንቅልፍ ልቤ ውስጥ ገፋ ሳብ ገፋ ሳብ እል ነበር። መልቀቂያውን ቁልፍ አንድ ሰው ብቻውን ቢጫን ባቡሩ አይሄድም፣ ማዶ ያለው ጓደኛው አውራ ጣቱን አሳይቶ አብሮ መጫን አለበት።

ልጅዎን በቁመት ነው የሚለኩት። ብዙዎቹ ትልልቅ ኮስተሮች 48 ኢንች ይላሉ፣ ከበድ ያሉት 54። ካልደረሰ አይለምኑለት፣ ጫማው ውስጥ ሶፍት አይጠቅጥቁለት፣ ይሄን ያደረገች እናት በዓይኔ አይቻለሁ። ቁመቱ ለክብር አይደለም፣ ብረቱ የሚይዘው ያንን ያህል ሰውነት ሲኖር ነው።

ጥያቄ፦ ብሮ ፊት ነው ኋላ የሚሻለው?

መልስ፦ ኋላ። ፊት ብትቀመጥ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ትንጠለጠልና የኋላዎቹ ሽቅቡን እስኪጨርሱ ትጠብቃለህ፣ እይታው ቆንጆ ነው። ኋላ ከተቀመጥክ ግን የፊተኛው ግማሽ ወርዶ እየጎተተህ ነው፣ ጫፉን ስታልፍ ባቡሩ ፈጥኗል፣ ይነጥቅሃል። አንድ ምክር ልጨምርልህ፣ የምትወደውን ኮስተር ለማታ አስቀምጠው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ጎማውና ቅባቱ ይሞቃል፣ ጠዋት ከነበረው ይፈጥናል። ወረፋውም ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ቡሽ ጋርደንስ ወይስ ኪንግስ ዶሚኒየን? ሲዝን ፓስ አንዱን ነው መግዛት የምችለው።

መልስ፦ ሁለቱም በ1975 ነው የተከፈቱት፣ እንደ መንታ ናቸው ግን ጠባያቸው አይገናኝም። እጮኛ ወይም እናት ይዘህ የምትሄድ ከሆነ ዊሊያምስበርግ ያለው ቡሽ ጋርደንስ፣ ዛፉ፣ ወንዙ፣ ጽዳቱ። እዚያ አፖሎስ ቻሪየት አለ፣ 1999 የተከፈተ፣ አይገለብጥም፣ ጭን ላይ ብቻ ነው የሚይዝህ፣ ፍስስ ያለ ኤርታይም ነው። ሲመረቅ ፋቢዮ የሚባለውን ታዋቂ ሞዴል አስቀመጡት፣ በመንገድ ላይ ዝይ ፊቱ ላይ ተጋጨችና አፍንጫው በደም ተነክሮ ተመለሰ። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ የዚያን ሰሞን ዜና ነበር።

ለኮስተር ብቻ ከሆነ ግን ኪንግስ ዶሚኒየን። ኢንቲሚዴተር 305 ይባል የነበረው፣ አሁን ፓንቴሪያን ያሉት፣ ቁጥሩ በጫማ (ፊት) የተለካ ከፍታው ነው፣ 93 ሜትር መሆኑ ነው፣ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር። 2010 ሲከፈት ከመጀመሪያው ቁልቁለት በኋላ ያለው ኩርባ ከመጥበቡ የተነሳ ደም ከጭንቅላት ወደ እግር እየወረደ የሰው ዓይን ይጨልም ነበር፣ በዓመቱ ሐዲዱን ቀይረው ኩርባውን አሰፉት። አሁንም ቀላል አይደለም። እኔ ግን እዚያ ፓርክ ስገባ መጀመሪያ የምሮጠው ወደ ትዊስትድ ቲምበርስ ነው፣ የሱ ሲሶ ከፍታ ቢኖረው ነው፣ ሦስት ጉብታ በተከታታይ አለው፣ በሦስቱም ከወንበር ይነቅልሃል። ከፍታ ለቢልቦርድ ነው ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ፣ በወር አንድ ቀን ነው ዕረፍቴ። አቡዳቢ ያለው ፎርሙላ ሮሳ ብሩ ይገባዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለአንድ ቀን ዕረፍት ስል ተጠንቅቄ ልመልስልሽ። ወደ አዲስ ሳልፍ ወጥቼበታለሁ። አምስት ሴኮንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይገባል፣ ከፍጥነቱ የተነሳ አሸዋና ነፍሳት ዓይን እንዳይመታ መነጽር ያስደርጉሻል። አጀማመሩ በሕይወቴ እንደሱ የገፋኝ ነገር የለም፣ ጉንጬ ወደ ጆሮዬ ሄደ። ከዚያ በኋላ ግን ጭንቅላትሽን በመኪና መስኮት አውጥተሽ መሄድ ነው። እዚያው ግቢ ፍላይንግ ኤሲስ የሚባል አለ፣ ለኔ እሱ ይበልጣል፣ ሁለቱንም በአንድ ትኬት ትጨርሻለሽ። ሂጂ፣ ግን በሥራ ቀን ከሆነልሽ፣ ወረፋ ዕረፍትሽን እንዳይበላው። ሪያድ አጠገብ ቂዲያ የሠሩት ፋልከንስ ፍላይት ደግሞ የሁሉንም ሪከርድ ወስዷል፣ 195 ሜትር ከፍታ፣ 250 በሰዓት፣ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት። አልወጣሁበትም፣ ስለዚህ አላማም።

ጥያቄ፦ አውሮፓ ላለነውስ? ጎተንበርግ ነኝ።

መልስ፦ አንተማ ሊሰበርግን የመሰለ ፓርክ ደጅህ ላይ እያለ ምን ትጠይቀኛለህ? ባልደር የሚባለው የእንጨት ኮስተር፣ 2003 የተሠራ፣ ቂቤ ነው። እኔ ለሱ ብዬ አትላንቲክን ተሻግሬያለሁ፣ አንተ በትራም ትደርሳለህ። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ኮሎኝ አጠገብ ፋንታዚያላንድ ሄዳችሁ ታሮን ላይ ውጡ፣ ማታ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ለምን አይሠራም? ቦራ ፓርክ ሄጄ የሕፃናት ነገር ብቻ ነው ያለው።

መልስ፦ መሥራቱ ሳይሆን ጠባቂው ነው የሚከብደው። ኮስተር ገዝተህ ትተክላለህ፣ ከዚያ በየቀኑ ጠዋት ሐዲዱን በእግሩ እየሄደ የሚያይ መካኒክ ትፈልጋለህ፣ ጎማ ያልቃል፣ መለዋወጫ ከውጪ በዶላር ነው፣ ሴንሰር አንዱ ከተበላሸ ሁሉም ይቆማል። በሽቦ እያሰረ የሚያሠራ ሰው እንዲነካው አልፈልግም፣ አገሬን ብወዳትም። ቅርባችን ባይሆንም አፍሪካ ውስጥ ጆሃንስበርግ ጎልድ ሪፍ ሲቲ አለ፣ ድሮ የወርቅ ማዕድን የነበረ ቦታ፣ አንዱ ራይዳቸው ቀጥ ብሎ ወደ ማዕድኑ ጉድጓድ ነው የሚወረውርህ።

ጥያቄ፦ በፆም ቀን ሳልበላ ብወጣ ያዞረኛል?

መልስ፦ እኔን ባዶ ሆድ ከጠገበ ሆድ ይብስብኛል። ፆሙ እስኪፈታ ረጋ ያሉትን ኮስተሮች ምረጥ፣ ወይ ከሰዓት ሂድ። የፓርክ ምግብ ዋጋውም ጣዕሙም ያስለቅሳል፣ እኛ ቤት ሽሮውን በፔርሙዝ ይዘን መኪና ውስጥ እንተወዋለን፣ ቀትር ላይ እጃችንን ማኅተም አስመትተን ወጥተን ፓርኪንግ ላይ እንበላለን። ከዚያ ሠላሳ ደቂቃ እረፍ፣ ሽሮ አይታመንም።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ያበደብህ የቱ ላይ ነው? ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ መዘጋቱስ?

መልስ፦ ይሄን ነበር የምጠብቀው። ዋይልድ ዋን፣ እዚያው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የነበረው የእንጨት ኮስተር። የዲሲ አካባቢ ሐበሻ ልጅ ሁሉ በትምህርት ቤት ጉዞ ሄዶበታል። በ1917 ማሳቹሴትስ ውስጥ ነው መጀመሪያ የተሠራው፣ ያ ፓርክ ሲዘጋ በጨረታ ተገዝቶ እንጨቱ ተነቅሎ በ1986 ሜሪላንድ ተተከለ። 30 ሜትር ነው፣ ዛሬ ማንም ቢልቦርድ ላይ አይለጥፈውም። ግን የኋለኛው ወንበር ላይ፣ ከመጀመሪያው ቁልቁለት በኋላ ያለችው ጉብታ፣ አስራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ጫማዬ ወለሉን ለቀቀ፣ ሳንቲሞቼ ከኪሴ ወጥተው ፊቴ ፊት ለፊት ቆመው አየኋቸው፣ ሦስት ኳርተር፣ ከዚያ ጠፉ።

ከጥቂት ዓመት በፊት አክስቴ ከአዲስ መጥታ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እሱ ላይ አወጣኋት። ሽቅቡን ስንወጣ "ማርያም ማርያም" ትላለች፣ ቁልቁል ስንለቀቅ ዝም አለች፣ ስንወርድ ምን ትላለች መሰላችሁ፣ "ይሄን እኮ የደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ በነጻ ነው የማገኘው፣ ለዚህ ነው ገንዘብህን የምታፈሰው?"

ፓርኩ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2፣ 2025 ለመጨረሻ ጊዜ ሠርቶ ተዘጋ። ኦክቶበር ላይ ሄጄ አምስት ጊዜ ወጣሁበት፣ አምስቱንም ኋላ። ኪንግዳ ካ ሃያ ዓመት ቆመ፣ ይሄ አሮጌ እንጨት ከመቶ በላይ። ለሱ እንኳን ትንሽ ከፍቶኛል።

ጥያቄ፦ ስልክህ ወድቆ ያውቃል?

መልስ፦ ሁለቴ። አንዱን ማታ ፓርኩ ሲዘጋ ከሣር ውስጥ አገኙልኝ፣ ስክሪኑ እንደ በረዶ ተሰነጣጥቆ አላርሙ ግን ይጮሃል። ሁለተኛውን ሐይቅ በላው። ዚፕ ያለው ኪስ ልበሱ፣ ማተባችሁን ሸሚዝ ውስጥ አስገቡ፣ ዊግ ያደረጋችሁ ደግሞ ከፊት ለመቀመጥ አትሟገቱ። ሚስቴ ቡና እየጠራች ነው፣ የቀረውን ማታ እመልሳለሁ።