ከሞያሌ ወዲያ፦ ቦርሳ አዝሎ ውጭ አገር ስለመዞር ጥያቄና መልስ

በቅርቡ እዚህ አምድ ላይ በአውቶቡስ ወደ ኬንያ ስለመሄድ ጥቂት መስመር ጽፌ ነበር። የመጣው ጥያቄ ብዛት አስገረመኝ፤ ደስም አለኝ። ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከለገሃር፣ ከሜክሲኮ ነው የመጣው። መሃል ከተማ ሆኖ ካርታ የሚያይ ሰው ይህን ያህል መኖሩን አላውቅም ነበር። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

«24 ዓመቴ ነው፤ ፒያሳ ልብስ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ትንሽ ብር ይዣለሁ። ቦርሳዬን አዝዬ አውሮፓን መዞር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ ከኬንያ ጀምር። አውሮፓን ተወው እያልኩህ አይደለም። ግን የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ብቻውን 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሉህም ገንዘቡ አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠይቁሃል። የባንክ መግለጫ አለ፣ የአሠሪ ደብዳቤ አለ። ያጠራቀምከው ገና ከቤት ሳትወጣ ሊያልቅ ይችላል።

ለኬንያ ግን እኛ ቪዛ አያስፈልገንም። የመግቢያ አሠራሩ በቅርብ ዓመታት ስለተለዋወጠ ከመነሳትህ በፊት የወቅቱን ደንብ አንብብ። ፓስፖርትህም ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን።

መንገዱ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በቡሌ ሆራና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ይገባል። ወደ 770 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ቀን ልጨርሰው አትበል፤ ሁለት ቀን ያዝለት፣ መንገድ ላይ እደር። ከመሄድህ በፊት ባለው ቀን መናኸሪያ ሄደህ ከዚያ መስመር የገቡትን ሾፌሮች ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቅ። እነሱ የሚያውቁትን ማንም አያውቅም። «አሁን አይሆንም» ካሉህ ጉዞውን አዘግየው።

ሞያሌ ላይ አንድ ነገር አደራ። ከተማዋ ሁለት አገር ናት፤ ሰዉ ሻይ ለመጠጣት ወዲያና ወዲህ ይላል። አንተ ግን ማህተም ሳታስመታ አንድ እርምጃ እንዳትቀጥል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለቱም አገር ሠራተኞች የሚሠሩበት የጋራ የድንበር ጣቢያ አለ። የመውጫውንም የመግቢያውንም ማህተም ፓስፖርትህ ላይ በዓይንህ እይ። ከሞያሌ ናይሮቢ ባለው 800 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ፖሊስ ደጋግሞ አውቶቡስ አስቁሞ ፓስፖርት ያያል። ማህተም የሌለው ሰው እዚያው ይወርዳል።

መንገዱ አስፋልት ነው። በማርሳቢትና በኢሲዮሎ ያልፋል። የቀን አውቶቡስ ካገኘህ እሱን ምረጥ፤ በረሃው መሃል ማርሳቢት ተራራ አረንጓዴ ሆኖ ብቅ ሲል ማየት አለብህ። ናይሮቢ ስትደርስ እንጀራ ከናፈቀህ ኢስሊ የሚባለው ሰፈር አለልህ። ከዚያ በባቡር ወደ ሞምባሳ ውረድ። በ2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ባቡር ነው፤ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጻቮ ፓርክን አቋርጦ ስለሚያልፍ ዕድል ከቀናህ ዝሆን በመስኮት ታያለህ። ትኬቱ ቶሎ ያልቃል፤ ቀደም ብለህ ያዝ።

ደግሞ እዚያ መኪና በግራ ነው የሚነዳው። መንገድ ስትሻገር መጀመሪያ ወደ ቀኝ እይ። ቀላል ይመስላል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ግን ጭንቅላትህ እንቢ ይልሃል።

«መርካቶ 70 ሊትር የሚይዝ የጀርባ ቦርሳ አይቻለሁ። ልግዛው?»

አትግዛው። ትልቅ ቦርሳ ባዶ ቦታ ስላለው ብቻ ይሞላል። 40 ሊትር ይበቃሃል። በአውሮፕላን ከሆነ ደግሞ የእኛው አየር መንገድ ኢኮኖሚ ክፍል በእጅ የሚያስገባው 7 ኪሎ ነው።

አዲስ መሆን የለበትም። ሰልባጅ ውስጥ ጥሩ ጥሩ ቦርሳ ይገኛል። ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈትና ዝጋ። የትከሻው ማንገቻ ከቦርሳው ጋር የተሰፋበትን ቦታ ጎትተህ እየው፤ መጀመሪያ የሚበጠሰው እሱ ነው። የወገብ ቀበቶ የሌለውን ተወው። ሸክሙን ከትከሻ ወደ ዳሌ የሚያወርደው ቀበቶው ነው። ከባድ ዕቃ ወደ ጀርባህ ተጠግቶ ይቀመጥ።

ከዚያ ፈተናው። ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳውን ልትሄድ እንዳሰብከው አድርገህ ሙላው። ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ድረስ አዝለኸው ውጣ። ቤት ስትመለስ የትኛው ዕቃ እንደማያስፈልግህ ማንም ሳይነግርህ ታውቀዋለህ። እኔ ሁለት ጫማና አንድ ወፍራም ጃኬት ያወጣሁት እንደዚያ ነው።

ሁለት ነገር ግን ጨምር። አንዱ ጓጉንቸር ነው። ሆስቴል ውስጥ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ነው የምታድረው። ቁም ሳጥን ይሰጡሃል፤ ቁልፉን ብዙ ጊዜ አንተ ነህ የምታመጣው። ሁለተኛው ነጠላ። አንሶላ ይሆናል፣ ፀሐይ ይከላከላል፣ ሌሊት አውቶቡስ ውስጥ ትለብሰዋለህ፣ ቶሎ ይደርቃል።

ፌስታል ግን አትያዝ! ኬንያ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክላለች፤ ሩዋንዳ ከዚያም በፊት። እናቶቻችን ሽሮና በርበሬውን በፌስታል ቋጥረው ነው የሚሰጡን። ወደ ጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ወዳለው ዕቃ ገልብጠው።

«26 ዓመቴ ነው፤ ሥራም አለኝ። እናቴ ግን ‹ሴት ልጅ ብቻዋን ድንበር አትሻገርም› ትላለች። ሳልነግራት ልሂድ?»

እህቴ፣ ሳትነግሪያት አትሂጂ። ይህን የምልሽ እናትሽ ትክክል ስለሆነች አይደለም። ፍርሃቷ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ነው። ሻንጣ ይዛ ወጥታ ድምፅዋ የጠፋ ልጅ ወሬ ያልሰማ ሰፈር አለ? እናትሽ «ውጭ አገር» ስትባል የሚመጣባት ስደት ነው። ዞራ አይታ፣ ፎቶ ይዛ፣ ሰኞ ሥራዋ የምትገባ ሴት አላየችም። ስለዚህ በክርክር አትረቺያትም። አሳያት።

የምትሄጂበትንና የምትመለሺበትን ቀን በወረቀት ጻፊ። የትኛው ሌሊት የት እንደምታድሪ፣ የማረፊያው ስልክ፣ የአውቶቡሱ መነሻ ሰዓት ይኑርበት። ፍሪጁ ላይ ለጥፊው። የመመለሻ ትኬቱን አሳያት፤ ከመሄጃው ይልቅ እሱ ነው የሚያረጋጋት። የምትደውዪበትን ሰዓት ቁረጪ፤ ማታ ሁለት ሰዓት ካልሽ ሁለት ሰዓት ይሁን። ያላሰብሽው ነገር አዘግይቶሽ ሳትደውዪ ብታድሪ ለእሷ ያ ሌሊት ዓመት ነው። ናይሮቢ የኖረች አክስት ወይም የጎረቤት ሴት ካለች ቡና ጥሪያት። አንቺ ሳትሆኚ እሷ ታውራ።

ስለ ራስሽ ደኅንነትም ልጨምር። ብዙ ሆስቴሎች የሴቶች ብቻ ክፍል አላቸው፤ ስትይዢ እሱን ምረጪ። ወደማታውቂው ከተማ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢ። ቦሌም ሆነ ሞያሌ ላይ ለምን እንደምትሄጂ አጥብቀው ሊጠይቁሽ ይችላሉ። የፈቃድ ደብዳቤሽን ከመሥሪያ ቤት ይዘሽ፣ የማረፊያ ማረጋገጫውን አትመሽ፣ ሳትቆጪ መልሺ።

ከሁሉ በላይ ግን ይኼን ያዢልኝ። መንገድ ላይ ማንም «እግረ መንገድሽን ሥራ አገኝልሻለሁ» ካለሽ፣ ወይም ፓስፖርትሽን «እኔ ልያዝልሽ» ካለ፣ ያ ሰው ደላላ ነው። ምንም ያህል ትሁት ቢሆን ከዚያ ሰው ራቂ።

«በዐቢይ ጾም ኬንያና ሩዋንዳ ልሄድ ነው። ምን እበላለሁ?»

አትራብም። ኬንያ ውስጥ ኡጋሊ በሱኩማ ዊኪ በየምግብ ቤቱ አለ፤ የበቆሎ ገንፎና ጎመን ማለት ነው። ማሃራግዌ ባቄላ የመሰለ ቀይ የአደንጓሬ ወጥ ነው። ጊቴሪ በቆሎና አደንጓሬ አብሮ የተቀቀለ ነው፤ ንፍሮ ለለመደ ሰው ቤቱ ነው። ሩዋንዳ ደግሞ ኢሶምቤ የሚሉት የካሳቫ ቅጠል አላቸው፤ አንዳንዴ ሥጋ ወይም ዓሣ ይገባበታልና ጠይቅ። የስዋሂሊ ቃላቱን ያዝ፦ «ቢላ» ማለት «ያለ» ነው። ቢላ ኛማ ያለ ሥጋ፣ ቢላ ማዚዋ ያለ ወተት፣ ቢላ ማያይ ያለ እንቁላል።

ለመንገድ በሶ ያዝ። እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ ጥቂቱ ያጠግባል። ብዙ አገር ሰዎች ለተራራ ጉዞ ውድ የታሸገ ምግብ ሲገዙ አይቻለሁ። እኛ በሶ አለን።

«ገንዘቤን እንዴት ልያዝ? ቴሌብር እዚያ ይሠራል?»

ቴሌብርህን ናይሮቢ ሱቅ ውስጥ አትከፍልበትም። እዚያ ሁሉ ነገር በኤምፔሳ ነው፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለምደውታል። በፓስፖርትህ የኬንያ ሲም አውጥተህ ገንዘብ አስገባበት።

ዶላር ከባንክ ግዛ፤ የሰጡህን ደረሰኝ እስክትመለስ አትጣለው። ኖቶቹን ስትቀበል አገላብጠህ እያቸው። ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ፣ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ዶላር ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ብዙ መንዛሪ አይቀበልም። ትንንሹን ኖት ደግሞ በዝቅተኛ ዋጋ ነው የሚመነዝሩት። ገንዘቡን ሦስት ቦታ ከፋፍለህ ያዘው።

«የቢጫ ወባ ክትባት ተከትቤያለሁ። ለሞምባሳ ይበቃኛል?»

ይህን ጥያቄ ስላነሳሽ አመሰግናለሁ። አይበቃም። በአማርኛ ስሙ ያሳስታል፤ ቢጫ ወባና ወባ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የክትባቱ ቢጫ ካርድ ድንበር ላይ ያስፈልግሻል፣ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መከተብ አለብሽ፣ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህም ካርዱ ለዕድሜ ልክ ነው። ከወባ ግን አያድንሽም።

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው። ሰውነታችን ወባን አይተዋወቃትም። እኔ ከሞምባሳ በተመለስኩ በ12ኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ። ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብል ስጠጣ ሁለት ቀን አባከንኩ። አንድ ክሊኒክ ሄጄም ደሜን ሳያዩ የጉንፋን ኪኒን ሰጥተው ሸኙኝ። ሌላ ቦታ አንዲት ወጣት ሐኪም «ከከተማ ወጥተህ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ያ ጥያቄ ነው ያዳነኝ። ከጉዞው በፊት ሐኪም አማክሪ፤ ቀድሞ ተጀምሮ ከተመለሱም በኋላ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። አጎበር ውስጥ ተኚ። ከተመለስሽ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ካተኮሰሽ «ቆላ ነበርኩ» ብለሽ የደም ምርመራ ጠይቂ።

«ናይሮቢ ነኝ። ትኬቴ ላይ 07:30 ይላል፤ ሰውዬው ግን በስዋሂሊ ‹አንድ ተኩል› አለኝ። የቱን ልመን?»

ሁለቱንም! ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት እንደ እኛ ከንጋት ነው የሚቆጥሩት። የእነሱ «ሳአ ሞጃ ና ኑሱ» የእኛው ጠዋት አንድ ተኩል ነው። የጽሑፉ ሰዓት ግን ሁልጊዜ የፈረንጅ ነው። ኪጋሊ ስትገቢ ሰዓትሽን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሺ። ፎርም ስትሞዪ ደግሞ የልደት ቀንሽን ከፓስፖርቱ ላይ ቅጂ፤ በቃልሽ የምታውቂው የእኛው አቆጣጠር ነው።

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ 61 ዓመቴ ነው፣ አራት ኪሎ። ይህ ነገር የወጣቶች ብቻ ነው?»

ጋሼ፣ በፍጹም። በሆስቴሎች ውስጥ ከእርስዎ የሚበልጡ ሰዎች አግኝቼ አብሬ ቡና ጠጥቻለሁ። የግል ክፍልም አላቸው፤ ከሆቴል ይረክሳል። ለጉልበትዎ ሲሉ ረጅሙን የአውቶቡስ መንገድ ይተዉና እስከ ናይሮቢ ይብረሩ፤ ከዚያ ባቡሩን ይያዙ። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ካለዎት ከነማሸጊያውና ከሐኪሙ ወረቀት ጋር በእጅ ቦርሳዎ ይሁን። አልጋው ተደራራቢ ከሆነ ደግሞ ሲይዙ «የታችኛው ይሁንልኝ» ብለው ይጻፉላቸው፤ ይሰጡዎታል።