ብርቱካንማዋን ሳህን መጀመሪያ ገልብጠሽ እይያት

ሰላም እህቴ፣ «ከትሪፍት ስቶር (ያገለገለ ዕቃ መሸጫ) ጠርዟ ላይ ክብ ክብ መስመር ያላት ብርቱካንማ ሳህን በ4 ዶላር አገኘሁ፣ የሥራ ጓደኛዬ ጨረር አላት አለችኝ፣ እውነት ነው ወይ፣ ልብላባት?» ያልሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። የድሮዋ ከሆነች እውነቷን ነው፣ በፍጹም እንዳትበዪባት።

ፊየስታ ነው የምትባለው። ሆመር ላፍሊን ይባል የነበረው ኩባንያ በ1871 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ኦሃዮ ውስጥ ኢስት ሊቨርፑል ላይ በሁለት ወንድማማቾች ተጀምሮ በኋላ ወንዙን ተሻግሮ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ኑዌል ገባ፣ ዛሬም እዛው ይሠራል። ፊየስታን በ1936 ያወጧት ሲሆን ዲዛይኑ የፍሬድሪክ ሪድ ነው፣ ከእንግሊዝ ሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የመጣ ሰው። ያኔ አሜሪካ ኑሮ ከብዶ ሙሉ ሰርቪስ አንዴ መግዛት ለስንቱ ቤት ህልም ነበር፣ እነዚህ ግን በነጠላም ይሸጡ ስለነበር ዛሬ ቢጫ ሳህን፣ ሌላ ጊዜ ደሞ ሰማያዊ ሲኒ እያሉ ቀስ በቀስ ይሞላሉ፣ አበባ ምናምን የለባቸውም፣ ቀለማቸው እንደፈለግሽ ብትቀላቅዪው ያምራል። እኔ ለዚህ ነው የምወዳቸው!

የመጀመሪያዎቹን የሰጡኝ ድሮ እንከባከባቸው የነበሩ አንዲት አሮጊት ናቸው፣ እናታቸው አንድ በአንድ የገዟቸው። እኔ ምኑን አውቄ፣ በቀይዋ ላይ አንድ ዓመት ሙሉ የቲማቲም ሰላጣ በሎሚ አቀረብኩ፣ በኋላ ልጃቸው አይታ ደንግጣ ነው የነገረችኝ።

ነገሩ ምን መሰለሽ፣ ቀይ የሚሏት (ለኛ ዓይን ብርቱካን ናት) ቀለሟ የሚመጣው ግላዙ (ላይዋ ያለው የሚያብረቀርቅ ሽፋን) ውስጥ ካለው ጨረር የሚያወጣ ዩራኒየም ነው። በጦርነቱ ጊዜ መንግሥት ዩራኒየሙን ለአቶሚክ ቦምብ ስለፈለገው በ1943 ቀይዋ ተቋረጠች፣ በ1959 ተመልሳ እስከ 1972 ተሠራች፣ በዓመቱ ደሞ ፊየስታ ራሷ ቆመች። እንደገና የመጣችው በ1986 ነው፣ ያለ እርሳስ (መርዛማው ብረት) እና ያለ ዩራኒየም። የድሮዎቹ ሌሎች ቀለሞችም ቢሆኑ ግላዛቸው ውስጥ እርሳስ ስላለ ለምግብ አልመክርሽም፣ በተለይ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ኮምጣጤ ያለበት ነገር ከግላዙ ይስባል። መደርደሪያ ላይ ብታስቀምጪያት ግን ችግር የለውም፣ ዋናው ጣጣ መብላቱና መጠጣቱ ነው፣ ከተሰነጠቀች ወይም ከተላጠች ደሞ ባትነካካት ይሻላል።

አሁን ገልብጫት። ከሥር ሦስት ትንንሽ የነጥብ ጠባሳ ካላት የድሮ ናት፣ እቶን ውስጥ የቆመችባቸው ሹል ነገሮች የተዉት ነው። የአዲሶቹ ሳህኖች መቀመጫ ቀለበት ግን ግላዝ የለውም፣ እጅሽን ስታስኬጂበት ይሻክራል፣ ብዙዎቹ ላይም «ሌድ ፍሪ» (እርሳስ የሌለው) የሚል ጽሑፍ አለ። አዲስ ከሆነች በደስታ ብዪባት። የድሮ ከሆነች ደሞ በ4 ዶላር ጥሩ ዕቃ ነው ያገኘሽው፣ እንዳትጥያት። የኔዋ ከረከቦቱ በላይ መደርደሪያው ላይ ቆማለች፣ ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ስለሷ ሳይጠይቀኝ አይሄድም። የጀርባዋን ፎቶ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አይቼ እነግርሻለሁ።