ጌም ሲከፈት ድርግም የሚል ኮምፒውተር፦ ካርዱን ከመቀየርህ በፊት

ከሸዋ ሮቢት የመጣ ጥያቄ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ ጌሚንግ ኮምፒውተር አለኝ። ኮር አይ5 9400ኤፍ፣ 16 ጊጋ ራም፣ አርኤክስ 580 ግራፊክስ ካርድ፣ 600 ዋት ፓወር ሳፕላይ። ፊልም ሳይበትና ኢንተርኔት ስጠቀምበት ቀኑን ሙሉ ምንም አይልም። ጂቲኤ ስከፍት ግን ትንሽ ይጫወትና ድርግም ይላል። ሰማያዊ ስክሪን የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። አንዳንዴ ማብሪያውን ብጫነውም አይነሳም። ገመዱን ነቅዬ፣ ትንሽ ቆይቼ ስሰካው ነው የሚነሳው። ማታ ማታ ይብስበታል። ቀን ደግሞ ጎረቤት ያለው ወፍጮ ሲነሳ አብሮ ጠፍቶ ይነሳል። እዚህ ያሳየሁት ባለሙያ የአገሩ ሙቀት ነው ብሎ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ፔስት ቀየረ፣ ዊንዶውሱን ፎርማት አደረገ። የካርዱ ገመድ አልነበረም ብሎ ከሃርድ ዲስክ ገመድ ቀጥሎ ሰካልኝ። ምንም ለውጥ የለም። ካርዱን ልቀይረው?»

አትቀይረው። ብርህን ያዝ።

እንደኔ ግምት ጥፋቱ የፓወር ሳፕላዩ ነው፣ የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ አስተካክሎ የሚያከፋፍለው ሳጥን። «ገመዱን ነቅዬ» የሚለው ላይ ስደርስ የቀረውን ባላነብም ይበቃኝ ነበር። ፓወር ሳፕላይ ከአቅሙ በላይ ሲጎተት ራሱን ይቆልፋል። ቁልፉ የሚለቀው የግድግዳው መብራት ተቋርጦ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ሲራገፍ ነው። ኮምፒውተር በሙቀት ሲጠፋ ግን እንዲህ አያደርግም። ሙቀት ቀድሞ ይናገራል። ፋኑ ይጮኻል፣ ምስሉ መንተፋተፍ ይጀምራል፣ ካርዱም ፕሮሰሰሩም ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳሉ። ያንተ ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ መጀመሪያ ይዘገያል እንጂ በቀጥታ አይጠፋም። ያንተ ማሽን ሳይዘገይ፣ ሳይንተፋተፍ ድርግም ካለ ነገሩ መብራት ነው።

ሸዋ ሮቢት ይሞቃል፣ አልክድም። እኔ ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። እዚህ ሐምሌ ላይ፣ ሰው ጋቢውን ሳያወልቅ በሚውልበት ቆፈን፣ ይህንኑ ሕመም ይዘው የሚመጡ ማሽኖች አሉ። እነሱንስ ምን አሞቃቸው?

አሁን ካቻቢቴ ያዝና የኬዙን ጎን ክፈት። ገመዱ ከግድግዳው ይነቀል። ልብ በል፣ ክፈት ያልኩህ ኬዙን ነው። ፓወር ሳፕላዩን ራሱን አትክፈት። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሃለሁ።

ፓወር ሳፕላዩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ፈልግ። በትልቁ የተጻፈውን 600 አትይ። +12 ቮልት የሚለው ሥር ስንት አምፒር እንዳለ እይ። ከ20 አይበልጥም ብዬ እገምታለሁ። በርካሾቹ ላይ የማየው እንዲህ ያለ ቁጥር ነው። 20 ሲባዛ በ12፣ 240 ዋት። ካርድህም ፕሮሰሰርህም የሚበሉት ከዚህ መስመር ነው። አርኤክስ 580 ለብቻው 185 ዋት ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ 65 ነው፣ ሲሮጥም ከዚያ ያልፋል። ማዘርቦርዱን፣ ዲስኩንና ፋኖቹን ስትጨምር ከ240 በላይ ወጥተሃል። ካርዱ ደግሞ ለቅጽበት ከተጻፈለት በላይ ይጎትታል። ታዲያ 600 የሚለው ከየት መጣ? ከማተሚያ ቤት።

እዚህ ላይ ሳላማርር አላልፍም። መስታወት ኬዝ ይገዛል፣ ቀለም የሚቀያይር ፋን በየጥጉ ይደረደራል፣ ካርዱ ላይ ብር ይፈሳል። ፓወር ሳፕላይ ላይ ሲደርስ «ያው ነው፣ ከኬዙ ጋር የመጣው ይሁን» ይባላል። ከኬዝ ጋር በምርቃት የመጣን ፓወር ሳፕላይ በእጅህ መዝነው። ባዶ ቆርቆሮ ነው የሚመስለው። ውስጡ መኖር ያለበት መዳብና ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ስለሌለ ነው።

የወፍጮውን ነገር ግን በደንብ ላስረዳህ። ይህን ማስረዳት እወዳለሁ፣ ታገሰኝ።

ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ያለማቋረጥ የሚፈስ አይደለም። በሴኮንድ 50 ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል። ስለዚህ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮን ይነካል ማለት ነው። ኮምፒውተርህ ደግሞ ሳይወላውል 12 ቮልት ይፈልጋል። ይህን ክፍተት የሚሞላው ፓወር ሳፕላዩ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ነው። ጣሪያ ላይ እንደተሰቀለ ሮቶ አስበው። የከተማው ውኃ መጣም ሄደም፣ ሮቶው ውስጥ እስካለ ድረስ ቧንቧህ ይወርዳል። ካፓሲተሩም 220 ቮልት ሲመጣለት እስከ 311 ቮልት ይሞላል፣ መብራቱ ዜሮን በነካ ቁጥር ከራሱ ይሰጣል። ደረጃውን የጠበቀ ፓወር ሳፕላይ ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ መብራት ቢቋረጥበት ወደ 16 ሚሊሰኮንድ መቆየት አለበት። በርካሹ ውስጥ ግን የሚገባው ካፓሲተር ትንሽ ነው። ይህን ያህል አይቆይም።

አሁን ወፍጮው ይነሳል። ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ በሥራ ላይ ከሚወስደው አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል። በአንድ መስመር ላይ ያላችሁ ሁሉ ቮልቴጃችሁ ወረድ ይላል። አምፖሉ ፈዘዝ ሲል አይተኸው ይሆናል። 220 የነበረው 170 ገባ እንበል። ቮልቴጁ የቀነሰው ሩብ ያህል ነው። ካፓሲተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ጉልበት ግን የሚሰላው በቮልቴጁ ካሬ ስለሆነ፣ የሚቀርልህ 60 በመቶው ብቻ ነው። ድሮም ትንሽ የነበረው፣ አሁን ደግሞ ባልሞላ ሆድ ነው የሚሠራው። ኢንተርኔት ላይ ስትሆን ማሽኑ የሚጎትተው ጥቂት ስለሆነ ያችው ትበቃለች። ጌም ላይ ስትሆን ግን ወዲያው ታልቃለች። ፓወር ሳፕላዩ ለማዘርቦርዱ «ደህና ነኝ» የሚልበት አንድ ግራጫ ሽቦ አለው። 12 ቮልቱ ሊወድቅ ሲል ያ ምልክት ይቋረጣል፣ ማዘርቦርዱም በቅጽበት ሁሉን ያቆማል። መብራቱ ሲመለስ እንደገና ይነሳል። ወፍጮው ሲነሳ ጠፍቶ የሚነሳው ለዚህ ነው። ማታ የሚብሰውም ሰፈሩ ሁሉ ምድጃና ምጣድ ስለሚያበራ ነው።

ሰማያዊ ስክሪን የማታየውም ለዚሁ ነው። ዊንዶውስ ምን እንደደረሰበት ሳያውቅ ነው የሚጠፋው። ዊንዶውስ የደረሰበትን የሚመዘግብበት ኢቨንት ቪወር ውስጥ ብትገባ ከርነል ፓወር 41 የሚል ቀይ ምልክት ታገኛለህ። ትርጉሙ «በወጉ ሳልዘጋ ጠፋሁ» ብቻ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ፎርማት ያደረገልህ ሰው በከንቱ ፋይልህን አጠፋብህ። እንደው ሁሉን ነገር ፎርማት ማድረግ መቼ ይሆን የሚቀረው?

ያ ካፓሲተር ገመዱን ከነቀልክ በኋላም ቻርጁን ይዞ ይቆያል። ከ300 ቮልት በላይ። ሰው ይገድላል። ፓወር ሳፕላዩን አትክፈት ያልኩህ ለዚህ ነው። አቧራ ላጽዳ ብለህም፣ ፊውዙን ልየው ብለህም አትክፈተው። ፊውዙ ተቃጥሎ በመዳብ ሽቦ የተተካበት ፓወር ሳፕላይ እኔ ጋ መጥቶ ያውቃል። የሠራው ሰው በሕይወት መኖሩ ራሱ ይገርማል።

ከሃርድ ዲስክ ገመድ ወደ ካርዱ የተቀጠለውን ነገር ደግሞ ዛሬውኑ አውጣው። ጠፍጣፋው የሃርድ ዲስክ ገመድ (ሳታ) 12 ቮልት ላይ የሚችለው 54 ዋት ነው። ካርዱ ላይ ያለው ባለ 8 ፒን ቀዳዳ የተሠራው ለ150 ዋት ነው። ስታወጣው ፕላስቲኩን እይ። ቡናማ ከሆነ፣ ከቀለጠ፣ ወይም የተቃጠለ ከሸተተህ እሳት ሳይነሳ ነው የደረስክበት። በናስትሮ የተጠቀለለ ካገኘህ ደግሞ ፈትተህ እየው። ሥሩ ብየዳ የለም፣ እንዲሁ የተጠማዘዘ ሽቦ ነው የሚሆነው። ኬዙ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ትቶ የሄደን ሰው ባለሙያ ልለው አልችልም።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ርካሾቹ ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አላቸው። ማታ ቮልቴጅ ሲወርድ «ወደ 115 ብናደርገው ይሻለዋል» የሚል ምክር ከሰው ትሰማ ይሆናል። በጭራሽ አትንካው። እዚያ ላይ ከሆነ ማሽኑ ውስጥ የሚገባውን ቮልቴጅ እጥፍ ያደርገዋል። ቮልቴጁ ወደ 220 ሲመለስ ካፓሲተሮቹ ላይ ከ600 በላይ ያርፋል፣ ሊፈነዱ ይችላሉ።

ግምቴን ሳትገዛ ልታረጋግጥ ትችላለህ። መጀመሪያ ግን የተቀጠለው ገመድ ወጥቶ ፓወር ሳፕላዩ የራሱ የካርድ ገመድ እንዳለው ፈልግ። ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ጋር ታስሮ ጥግ ይወሸቃል። ካለው እሱን ሰክተህ ካርዱን የሚቆጣጠረውን አፍተርበርነር የሚባል ፕሮግራም ጫን። ፓወር ሊሚት (ካርዱ የሚጎትተው ጣሪያ) የሚለውን እስከሚፈቅድልህ ድረስ ቀንስ፣ ጌሙን በሴኮንድ 60 ፍሬም ገድበው። እንዲህ ስታደርገው መጥፋቱን ከተወ ጉዳዩ አለቀ። ካርዱ ጤነኛ ነው፣ የሚያበላው አጥቶ ነው። ሙቀቱንም በዚያው እይ። ካርዱ ከ90 ዲግሪ በታች ሆኖ ከጠፋ የሙቀቱን ወሬ እርሳው። የካርድ ገመድ ጭራሽ ከሌለው ግን ሙከራውን ተወው። መልሱን አግኝተሃል፣ ያ ፓወር ሳፕላይ ለዚህ ካርድ አልተሠራም።

መልቲሜትር ካለህ ጌሙ እየሄደ ከማይሠራበት ባለ አራት ቀዳዳ ገመድ ላይ ቢጫውንና ጥቁሩን ለካ። ከ11.4 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ደህና ቢያሳይህ ግን ነጻ አታውጣው። መልቲሜትር ዝግተኛ ነው፣ በቅጽበት ወርዶ የተመለሰውን አያይም። ጫፉ ቢጫውን ከጥቁሩ እንዳያገናኝ ተጠንቀቅ።

ስታቢላይዘር ልግዛ እንዳትለኝ። ቮልቴጅ ለረዥም ሰዓት ሲወርድ ይረዳል። ለወፍጮው ግን አይደርስም። ርካሹ ስታቢላይዘር ቀጭ ባለ ቁጥር ራሱ ለቅጽበት መብራት ያቋርጣል፣ ችግርህን ያባብሰዋል። መጀመሪያ ፓወር ሳፕላዩን አስተካክል፣ ከዚያ ብር ከተረፈ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ በባትሪ የሚያቆየው) ይሻልሃል። ኮምፒውተሩን ከውኃ ማፍያና ከምድጃ ጋር በአንድ ዲቫይደር አትሰካ። ኬዙ እጅህን ሚጥሚጥ አድርጎ የሚነዝርህ ከሆነ ሶኬቱ ኧርዝ የለውም ማለት ነው፣ ኤሌክትሪሺያን ጥራ።

ስትገዛ ሻጩን ስለ ዋቱ አትጠይቀው። ሰንጠረዡን ራስህ አንብብ። 12 ቮልት ላይ ከ38 አምፒር ያላነሰ። መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል። ቀይ ማብሪያ የሌለው። ለካርዱ ባለ 8 ፒን ገመድ ከራሱ የሚወጣ። ከ100 እስከ 240 የሚለው ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳው 220 ይስጠው 170፣ ካፓሲተሩን እኩል ነው የሚሞላው። የወፍጮው ጣጣ በዚህ ይቀላል። 80 ፕላስ የሚል ምልክት ካለው ጥሩ ነው። ግን ተለጣፊ ማንም ያትማል፣ ምልክቱም የሚናገረው መብራት ስላለማባከኑ እንጂ ከጉዳት ስለሚጠብቀው መከላከያ አይደለም። ስለዚህ አንሳና መዝነው። ስላሽ ሆኖ ጥሩ ዘር ያለው፣ ከአዲስ ርካሽ ይበልጣል። ከቢሮ ኮምፒውተር የወጣውን ግን ተወው። ብዙዎቹ ዴል ኦፕቲፕሌክሶች ሶኬታቸው የተለየ ነው፣ በግድ አስገብተህ ማዘርቦርድ እንዳታቃጥል።

ካርዱንም አንድ ጊዜ ጂፒዩ-ዚ በሚባለው የካርድ መለያ ፕሮግራም እየው። ሼደር የሚለው 2304 ካለ እውነተኛው አርኤክስ 580 ነው። 2048 ካለ ስሙን ብቻ ነው የወሰደው፣ ጉልበቱ የታናሹ የአርኤክስ 570 ነው። ለመጥፋቱ ምክንያት አይደለም፣ የከፈልከውን እንድታውቀው ነው።

አዲሱ ገብቶም ከጠፋ ካርዱን ብቻ ነቅለህ ጣርማበርን ለሚወጣ መኪና ስጥና ላክልኝ፣ እኔው እፈትሸዋለሁ። ዋናውን ማሽን አታስጭን። አሮጌውን ፓወር ሳፕላይ ደግሞ ለማንም እንዳትሸጥ፣ ሳትከፍተው ገመዶቹን ከሥር ቆርጠህ ጣለው። አለዚያ በሁለተኛው ወር «600 ዋት፣ ስላሽ» ተብሎ ሌላ ልጅ ኬዝ ውስጥ አገኘዋለሁ።