ልቤን ታምሜ ወደ ሳይክል ተመልሻለሁ፣ ጠይቁኝ

ሰላም ጀማው፣ ደሴ ነው ያለሁት፣ እድሜዬ 51። ከሦስት ዓመት በፊት የልብ ደም ስሬ ተዘግቶ ስቴንት (ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ገብቶልኛል፣ ከዛ በፊት ደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ እንደ ቀልድ ነበር የምነዳው። ሐኪም አይደለሁም፣ የመድሃኒቱን ነገር ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ስለ ሞራልና ስለ ፍርሃት ግን ያሻችሁን። ቡናው ቀርቧል፣ እስከ በረካው አለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሐኪሙ ንዳ ብሎኛል ግን ሳይክሏን ሳያት ሰውነቴ ይከብደኛል። ሞራሉን ከየት አመጡት?

መልስ፦ አብሽር ልጄ፣ እኔም አላመጣሁትም። ሞራል ይመጣል ብዬ ስጠብቅ አራት ወር ሳይክሏ በረንዳ ላይ አቧራ ጠጣች። አንድ ቀን ካቴናዋ ዝጎ ሳየው ተናደድኩና ጨርቅና ላምባ ይዤ ቁጭ አልኩ፣ የዛን ሳምንት ስራዬ ካቴና ማጽዳት ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ከግቢው በር እስከ ሱቁ ነዳኋት፣ ወላሂ ጭነት የያዘች አህያ አልፋኝ ሄደች፣ ነጂው ዞር ብሎ «ጋሼ ጎማው ተንፍሷል እንዴ?» አለኝ። አዎ ተንፍሷል አልኩት ምን ልበል። ደስ ማለት የጀመረኝ ከዛ በኋላ ነው፣ በማግስቱ አህያዋን ለመቅደም ወጣሁ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ፣ እኔም ስቴንት አለኝ። ደረቴን ትንሽ ቆንጠጥ ሲያደርገኝ ያ ነገር መጣ ብዬ እወርዳለሁ።

መልስ፦ መውረድህ ልክ ነው፣ ሕመሙ አለቅም ካለ ደግሞ ቀጥታ ሆስፒታል፣ እዚህ ላይ ጀግንነት የለም። ለተራው ፍርሃት የኔ ዘዴ ማውራት ነው፣ እየነዳሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከወጣልኝ ደህና ነኝ፣ ቃሉ ከተቆራረጠ ማርሽ አቀልላለሁ። ሰዓቴ ላይ ያለውን የልብ ምት ትቼዋለሁ፣ ቤታ ብሎከር (የልብ ምትን የሚያረጋጋ መድሃኒት) የሚወስድ ሰው ልቡ እንደ ድሮው ስለማይፈጥን የድሮው ቁጥር ያታልላል። ደሞ አንተ እድለኛ ነህ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው በሐረጎ ዳገት ትወጣለህ፣ ሲደክምህ ታዞራታለህ፣ ቁልቁለቱ ቤትህ ያደርስሃል። እኛ ደሴዎች 600 ሜትር ያህል ከፍታ ተንደርድረን ወርደን ሂሳቡን በመጨረሻ ነው የምንከፍለው። አንዴ ጉራ ይዞኝ ኮምቦልቻ ወርጄ መመለሻው ሲያቅተኝ ሳይክሌን አይሱዙ ላይ አስጭኜ፣ ረዳቱ የበግ ገመድ አስይዞኝ ነው ደሴ የገባሁት።

ጥያቄ፦ ምን ሳይክል ልግዛ?

መልስ፦ ያለህን ንዳ፣ ፍሬኑን ግን አስፈትሽ። ደም ማቅጠኛ ከወሰድክ ያለ ሄልሜት ከበር እንዳትወጣ።

ጥያቄ፦ ከከባድ ነገር ተመልሶ ያሸነፈ ፕሮ ሳይክለኛ አለ ወይስ ወሬ ነው?

መልስ፦ አለ እንጂ። አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ በ1987 እ.ኤ.አ አደን ላይ በስህተት በጠመንጃ ተመትቶ ሊሞት ነበር፣ ብዙው የጥይት እርሳስ ሳይወጣ ሰውነቱ ውስጥ ቀርቷል። በ1989 ትልቁን የሳይክል ውድድር ቱር ደ ፍራንስን በ8 ሰከንድ አሸነፈ፣ ሰው የሚያወራው ይሄን ነው። እኔን የገረመኝ ግን የዛው ዓመት የጣሊያኑ ውድድር ጂሮ ዲ ኢታሊያ ላይ ተስፋ ቆርጦ ሳይክል ላቁም ሲል መቆየቱ ነው፣ ከቱሩ ጥቂት ሳምንታት በፊት ማለት ነው። ሆላንዳዊቷ አነሚክ ቫን ቭለተንም በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ እየመራች ወድቃ አከርካሪዋ ሦስት ቦታ ተሰነጠቀ፣ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ በሰዓት ሙከራ (ለየብቻ ከሰዓት ጋር በሚደረግ ውድድር) ወርቅ ወሰደች።

ግን የሶኒ ኮልብሬሊን ሳልነግራችሁ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። በ2021 ፓሪ ሩቤ የሚባለውን የሳይክል ውድድር ያሸነፈ ጣሊያናዊ ነው፣ በ2022 መጋቢት ውድድር ጨርሶ ልቡ ቆመ፣ ተረፈ፣ ልቡ ቢዛባ የሚያስተካክል ትንሽ ማሽን ተገጠመለት፣ በዛው ዓመት ውድድር አቆመ። እሱን ሰነፍ የሚል ካለ እኔ ጋ ይምጣ። ከመታመሜ በፊት የነዳሁባቸውን ሰዓቶች ከስልኬ ያጠፋሁት የሱን ታሪክ ያየሁ ቀን ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ሳይክሉን ቆልፋ ቁልፉን ደብቃለች፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሃሃ አትታገላት፣ እሷም እኮ አብራህ ታማለች። የኔ ባለቤት እንደዛው ነበረች። ስወጣ በየት እንደምሄድና ስንት ሰዓት እንደምመለስ እነግራታለሁ፣ ባልኩት ሰዓት በር ላይ ነኝ፣ ከበግ ገመዱ ቀን በቀር አላረፈድኩም። መጀመሪያ አካባቢ እስክመለስ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስወጣ ከጓዳ ሆና «ስትመለስ ዳቦ ይዘህ ና» አለችኝ።