ስለ ውሾች መብዛትና ስለ እብድ ውሻ በሽታ፦ ጥያቄና መልስ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከጠየቃችሁኝ መካከል የሚደጋገሙትን መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በዝተውብናል። መግደሉ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ውሻ የሚበዛው በሚያገኘው ምግብ ልክ ነው። ቆሻሻ ሜዳ ላይ እስከተጣለ ድረስ የሞቱትን ቦታ ከሌላ አካባቢ የመጡና አዲስ የተወለዱ ይይዙታል፤ የሴት ውሻ እርግዝና ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነውና። የተከተበውም ካልተከተበው ጋር ስለሚያልቅ የሚተኩት መከላከያ የሌላቸው ናቸው። በኢንዶኔዥያ ፍሎሬስ ደሴት በሽታው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲገባ እጅግ ብዙ ውሾች ተገደሉ፤ በሽታው ግን ደሴቲቱን አልለቀቀም።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ውሻ መከተብ ይቻላል?

መልስ፦ ሁሉንም አያስፈልግም፤ 70 በመቶው ይበቃል። አንድ ያበደ ውሻ በአማካይ በሽታውን የሚያስተላልፈው ከሁለት ላነሱ ውሾች ነው፤ ስለዚህ ሰንሰለቱን ለመበጠስ ከዚያም ያነሰ ቁጥር በቂ ነበር። ነገር ግን በዓመቱ ውስጥ የተከተቡት ይሞታሉ፣ ያልተከተቡ ቡችሎች ይወለዳሉ። 70 የተባለው እስከሚቀጥለው ዘመቻ ድረስ ያለውን መሸርሸር አስቦ ነው። ዘመቻው አንድ ዓመት ከተዘለለ ግን ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ሜክሲኮ በየዓመቱ ሳትታክት ከትባ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ በሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ሰው የማይሞትባት አገር መሆኗ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላታል።

ጥያቄ፦ ቡችላስ ይከተባል?

መልስ፦ በዘመቻ ጊዜ አዎን፣ ሦስት ወር ያልሞላውም ጭምር። አንዲት ልጅ ቡችላዋን በሹራቧ ጠቅልላ ተሰልፋ ቆይታ «ገና ትንሽ ነው» ተብላ ስትመለስ አይቻለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል። ልጆች ፊታቸውን አስጠግተው የሚያጫውቱት ቡችላን ነው!

ጥያቄ፦ ማምከንስ?

መልስ፦ ቁጥርን ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ክትባትን ግን አይተካም።

ጥያቄ፦ ልጄን ውሻ ትንሽ ጫረው፤ ልጠብቅ?

መልስ፦ አይጠብቁ። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ውሰዱት። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ውሻው ከተገኘ 10 ቀን ይጠበቃል፤ ደህና ከሆነ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቆም ይችላል። ክትባቱ ግን እስከዚያ አይዘገይም።

ጥያቄ፦ ሌላስ ከውሻ የሚመጣ በሽታ አለ?

መልስ፦ አለ። ከታረደ በግ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ ለውሻ አትወርውሩ፤ አቃጥሉት ወይም በጥልቅ ቅበሩት። ከረጢቱ ውስጥ ያለው እጭ በውሻው አንጀት ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ እጃችን፣ ከእጃችን ወደ አፋችን ይገባና ያንኑ ከረጢት በእኛ ጉበት ያበቅላል።