ጂንሰንግና ጥቁር አዝሙድ ለረጅም የብስክሌት ጉዞ ይጠቅማሉ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ደርሰህ ስትመለስ መጨረሻው ላይ እግርህ እንደሚከዳህ ጽፈሃል፤ የጂንሰንግ (የእስያ የዕፅ ሥር) እንክብል ወይስ በማር የተለወሰ ጥቁር አዝሙድ ይሻላል ብለህም ጠይቀሃል። ለዚህ ችግር ሁለቱም አይረቡህም። ገንዘቡን አታውጣ።

ደርሶ መልሱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው። በጡንቻና በጉበት የተጠራቀመው ስኳር፣ ጠበቅ አድርገህ ከነዳህ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ቢያቆይህ ነው። አንተ የምትዝለውም ልክ እሱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ አለብህ። 750 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኮዳ 3 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና ትንሽ ሎሚ በጥብጥ፤ ስኳሩ 36 ግራም ገደማ ይሆናል። አንድ መካከለኛ ሙዝ ደግሞ 25 ግራም ያህል ይጨምርልሃል። ከተነሳህ በ20 ደቂቃ ውስጥ መጎንጨት ጀምር፤ ከደከመህ በኋላ የምትጠጣው እስኪደርስልህ ከተማ ገብተሃል። በሶ ጥሩ ነው፣ ግን ከመነሳትህ 2 ሰዓት በፊት። ኮዳ ውስጥ ከበጠበጥከው ዱቄቱ ከታች ይዘቅጥና አፉን ይደፍናል፣ ሆድም ያከብዳል።

ወደ ዕፅዋቱ ስንመጣ፣ ጂንሰንግ ብዙ ጊዜ ተፈትኗል፤ በጥንቃቄ በተሠሩት ሙከራዎች አብዛኞቹ ላይ ጽናት አልጨመረም። አሽዋጋንዳ የሚባለው የሕንድ ዕፅ በትንንሽ ጥናቶች ላይ የሰውነትን ኦክስጅን የመጠቀም አቅም ከፍ ሲያደርግ ታይቷል፤ ነገር ግን የሚወሰደው ለሳምንታት ነው፣ በጉበት ላይ ጉዳት ያደረሰባቸው ሰዎችም ተመዝግበዋል። በዚያ ላይ በ8 ሳምንት ልምምድ ያለ ምንም እንክብልም ትሻሻላለህ፤ የቱ እንዳሻሻለህ በምን ታውቃለህ? ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት ለወጥህ ይሁኑ። ዝንጅብል በቀን 2 ግራም ለ11 ቀን ሲወሰድ ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላ የሚመጣውን የጡንቻ ሕመም ቀነስ አድርጓል፤ ፍጥነት ግን አይደለም። አብሽና ተልባ በጠዋቱ ጠጥቶ መንዳት ለሆድህ ፈተና ነው፤ ማታ ጠጣቸው።

ከዕፅዋት ወገን በእርግጥ የሚሠራው ቡና ነው። ካፌይን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም፣ ከመነሳት አንድ ሰዓት ገደማ በፊት ሲወሰድ፣ በረጅም ግልቢያ ከ2 እስከ 4 በመቶ ያህል ማሻሻል ያሳያል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው መነሻው 180 ሚሊ ግራም ነው። የስኒውና የዱቄቱ መጠን ከቤት ቤት ስለሚለያይ በ2 ስኒ አቦል ጀምርና ሆድህን እያየህ አስተካክል፤ በረካው ላይ የሚቀር ካፌይን ጥቂት ነው። (ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ አቦል የሚያፈላልህ ካለ መርቀው።) ከምግብ ጋር ግን አትጠጣው፤ ቡናም ሻይም ወደ ደም የሚገባውን ብረት ይቀንሳሉ። በጾም ወራት ሥጋ በማይበላበት ጊዜ ድካሙ ከባሰብህ የደም ምርመራ አድርግ፤ ሳትመረመር የብረት ኪኒን አትጀምር።

ሁለተኛው ቀይ ሥር ነው። ውስጡ ያለው ናይትሬት ደም ስርን ያሰፋል፣ ለተመሳሳይ ፍጥነት የሚወጣውን ኦክስጅንም ይቀንሳል። ግማሽ ሊትር ያህል የጥሬ ጭማቂ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቀድመህ ጠጣ። ቀቅለህ ውሃውን ከደፋኸው ናይትሬቱንም አብረህ ደፋኸው። በዚያ ቀን ጀርም በሚገድል የአፍ ማጠቢያ አትጉመጥመጥ፤ ናይትሬቱን የሚለውጡት የምላስ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሽንትህ ቢቀላ አትደንግጥ። በጣም የሠለጠነ ጋላቢ ከዚህ የሚያገኘው ትንሽ ነው፤ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ደግሞ ይተወው።

«ጫትስ?» ማለቱ አይቀርም አንዱ። ልብ ያስመታል፣ የድካም ስሜትን ይሸፍናል፣ የምግብ ፍላጎትን ግን ይዘጋል፤ ስለዚህ ኮዳው ሳይነካ ይመለሳል፣ መዛሉም ይብሳል። ካቲኖንና ካቲን የሚባሉት ንጥረ ነገሮቹም በውድድር ወቅት በተከለከሉ አበረታች ቅመሞች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። መለያው በግልጽ ያልተጻፈበት ከውጭ የመጣ «የጉልበት ዕፅ» የባሰ ነው፤ ኤፌድሪን ወይም ሂጂናሚን የሚባሉ የተከለከሉ አበረታቾች ሊኖሩበት ይችላሉ። ምርመራ ላይ ከተገኘብህ «አላወቅኩም» ማለት አያድንህም። የደም ማቅጠኛ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማንኛውንም እንክብል ከመዋጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

አንድ መጠጥ መሥራት አለመሥራቱን ራስህ ማየት ከፈለግህ፣ በዘንዘልማ በኩል ወደ ሐሙሲት የሚወስደውን መንገድ ደርሶ መልስ ጠዋት ንዳ፤ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ንፋስ ሰዓትህን ያበላሸዋል። የጎማ ንፋሱም ቁርሱም አይለወጥ። ሁለት ኮዳ ላይ ጣዕሙ እንዳይለይ ዝንጅብልና ሎሚ ይግባ፤ የምትሞክረው ነገር በአንዱ ብቻ ይሁን፣ የቱ እንደሆነ ጓደኛህ ይወቅ እንጂ አንተ አትወቅ። እያንዳንዱን 3 ጊዜ ሞክር። በሁለቱ ኮዳዎች መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት በአንዱ ኮዳ 3 ቀናት መካከል ካለው ልዩነት ካልበለጠ፣ መጠጡ ሠርቷል ማለት አትችልም።