አገዳውን ከመቁረጥዎ በፊት አበባውን ዞር አድርገው ይዩት

ጥያቄ፦ «አንድ ዓይነት ናቸው ተብዬ የገዛኋቸው ሐምራዊ ኦርኪዶች አሉኝ። አበባቸው ይመሳሰላል። ግማሾቹ ግን ቅጠላቸውን አራግፈው እንጨት ብቻ እየቀሩ ነው። ምን ነካቸው? ልቁረጣቸው? ፎቶ አያይዣለሁ።»

መልስ፦ መቀሱን ያስቀምጡ። ነገሩን ያወጣችው «እንጨት» ያሏት ቃል ናት። ፋሌኖፕሲስ የሚባለው የኦርኪድ ዓይነት እንጨት የለውም፤ ከሥሩ ሰፋፊ ቅጠል፣ ከጎኑ የአበባ ዘንግ፣ በቃ። እንጨት የሆኑብዎት ዴንድሮቢየም የሚባሉ ሌላ ዓይነት ኦርኪዶች ሳይሆኑ አይቀሩም። ተቀላቅለው ነው የተሸጡልዎት። ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እንዲያውም አንዱ ዝርያ ከመመሳሰሉ የተነሳ «ዴንድሮቢየም ፋሌኖፕሲስ» ተብሎ ተሰይሞ ነበር።

ማረጋገጫው አበባው ላይ ነው። ቀለሙን ይተዉት፤ ሁለቱም ነጭም ሐምራዊም ይሆናሉ። ሊረግፍ የደረሰ አበባ ከሁለቱም አንድ አንድ ይቀንጥሱ። መጀመሪያ ከፊት ይዩ። ከመሃል ወደ ታች ወጣ ያለችው ክፍል ከንፈር ትባላለች። የፋሌኖፕሲስ ከንፈር ጫፉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጢም የተጠቀለሉ ሁለት ቀጫጭን ክሮች አሉት። ዴንድሮቢየም ይህ ጢም የለውም። አሁን ወደ ጎን ያዙሩት። ዴንድሮቢየም ከአበባው ጀርባ፣ ከእጀታው አጠገብ፣ ወደ ኋላ የሾለ አገጭ አለው። በጣትዎ ቢዳስሱት ያገኙታል። ፋሌኖፕሲስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እኔ ከጢሙ ይልቅ አገጩን ነው የማምነው፤ ከተዳቀሉት ፋሌኖፕሲሶች መካከል ጢም አልባ ያጋጥማል።

እንደለዩ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ቁራጭ ቆርጠው ስሙን በእርሳስ ይጻፉና ያንጠልጥሉበት። እስክሪብቶ ፀሐይ ይበላዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ቅጠል የሌለው አገዳ (እርስዎ «እንጨት» ያሉት) ባየ ቁጥር የሚቆርጥ ሰው በዝቶብኛል። አገዳው እኮ የተክሉ ስንቅ ነው፤ ውሃና ምግብ ያጠራቀመው እዚያ ውስጥ ነው። አዲሱ ቀንበጥ ከእሱ እየሳበ ያድጋል፤ አሮጌውም አገዳ ዳግም ሊያብብ ይችላል። ሲጫኑት ጠንካራ ከሆነ ይተዉት። ቢሸበሸብም ይተዉት። ቡናማ ሆኖ ከላመና ውሃ ከቋጠረ ግን በስብሷል፤ እሱን ይቁረጡ።

የላኩልኝ ፎቶ ከፊት ብቻ ስለሆነ አገጩ አይታይም። ከተጠራጠሩ ከጎን አንስተው ይላኩልኝ።